የቱቦ ሐሞት

ቱቦ የዶሮ አጥንት አሽትቶ ትቶት የሄደ ቀን የብርጓል ነገሩ አላማራትም። ዕድሜውን ሙሉ የሰጡትን እምቢ ብሎ የማያውቅ ውሻ ነው። ጠርታ አገጩን ቀና አደረገችው፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። ከንፈሩን ገልጣ ድዱን ብታይ እሱም እንደ እርድ። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ያን ቢጫ ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት በባሏ ዓይን ውስጥ አይታዋለች።

ባሏ አለበል የመንገድ ሠራተኛ ነበር። በሉማሜና በደብረ ማርቆስ መካከል ባለው አስፋልት ላይ ጉድጓድ ሲደፍን፣ ቦይ ሲጠርግ፣ ክረምት የናደውን ድንጋይ ሲያነሳ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ውሻውንም ያገኘው ከሥራ ላይ ነው። ከመንገዱ ሥር ውሃ የሚያልፍበትን የሲሚንቶ ቱቦ ሊጠርግ ሲገባ አራት ቡችሎች ያገኛል፤ ሦስቱ ሞተዋል፣ አራተኛው እስከ አንገቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ያለቅሳል። በካፖርቱ ኪስ ከትቶ ቤት ይዞት መጣ። የብርጓል «ማን እንበለው?» ብትል «ከቱቦ ወጣ፣ ቱቦ ነዋ!» አላት። ልጅ አልነበራቸውም። ያን ማታ ሁለቱም እሳት ዳር ተቀምጠው የቡችላውን ጭቃ በጨርቅ ሲጠርጉ አመሹ።

አለበል በሉማሜ የሚታወቀው በሐሞቱ ነው። አንድ ክረምት ጎርፍ የወሰደውን የጭነት መኪና ረዳት፣ ወገቡን በገመድ አስሮ ገብቶ አውጥቶታል። ሰው ሁሉ «ሐሞተ ኮስታራ» ይለዋል። በሁለት ሺህ አንድ ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ግን ገላው ያሳክከው ጀመር፤ ቀጥሎ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ ጠቆረ፣ እህል አስጠላው። ጤና ጣቢያ ቢሄዱ «ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሄዶ በአልትራሳውንድ ይታይ» ብለው ወረቀት ጻፉላቸው። አልሄዱም። የብርጓል ለወፍ በሽታ ሥር የሚሰጥ መድኃኒተኛ ዘንድ ሄዳ የሰጣትን አመጣች፤ ወቅጣ በጠላ በጥብጣ አጠጣችው። መስከረም በገባ በሳምንቱ አለበል ሞተ።

በቀብሩ ቀን ታላቅ እህቱ አይናለም በሕዝብ ፊት ጣቷን ቀሰረችባት።

«ወንድሜን በሥር ገደልሽው!»

የብርጓል መልስ አልሰጠችም። ዝምታዋን ሰው ሁሉ እንደ ጥፋት ቆጠረባት። ከዚያ ወዲህ አይናለም የወንድሟን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ገበያ ላይ ሲገናኙም ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ታልፋለች። የብርጓልን በየቀኑ የሚያናግራት ቢኖር ቱቦ ነበር፤ እሱም በራሱ ቋንቋ።

ስለዚህ ያን ጥቅምት ውሻው ቢጫ ሆኖ ስታየው የብርጓል ማዘን ብቻ ሳይሆን ፈራችም። ሰው ቢሰማ ምን ይላል? «ባሏን የገደለ መርዝ አሁንም ከቤቷ አለ» አይልም? ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ ጧት አንገቱን በገመድ አስራ ወደ ከብት ክሊኒኩ ወሰደችው።

ክሊኒኩ ግቢ በሬ የያዘ፣ አህያ የያዘ፣ በግ የተሸከመ ገበሬ ተሰልፏል። ውሻ ያመጣች እሷ ብቻ ናት።

«ምነው እቴ፣ እሱም ያርሳል እንዴ?» አላት አንዱ። ሳቁ። እሷም ለወጉ ፈገግ ብላ ከኋላ ተሰለፈች።

የእንስሳት ሐኪሟ ትሕትና ትባላለች። የአዳማ ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ጨርሳ ሉማሜ ከተመደበች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውሻ የነካችው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ስትሰጥ ብቻ ነው። ቱቦን ግን እንደ በሬዎቹ ሁሉ ከራስ እስከ ጅራት አየችው። ዓይኑን ገለጠች፣ ሆዱን በሁለት እጇ ዳበሰች። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር ስትደርስ ቱቦ አለቀሰ።

«ሽንቱ እንዴት ነው?»

«እንደ ጠላ ጠቁሯል። ዶክተር፣ የወፍ በሽታ ነው አይደል?»

«ጉበቱ አካባቢ ችግር አለ። ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

የብርጓል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሰው ወደ ውሻ ይጋባል? ቤት ውስጥ፣ ዕቃ ላይ ቀርቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ?»

ትሕትና ቀና ብላ አየቻት። «ማን ታሞብዎት ነበር?»

«ባለቤቴ።»

«እንዲህ ተደብቆ ሁለት ዓመት አይቆይም። አይፍሩ።»

መርፌ ወጋችው፤ ለአሥር ቀን የሚሆን መድኃኒትም ሰጠቻት፤ በእንቁላል ለውሳ እንድታበላውም መከረቻት። አሥሩ ቀን ሲያልቅ ቱቦ ጭራሽ ከስቶ፣ ገላውን በግድግዳ እያከከ፣ ያበሉትን ቢጫ አድርጎ እያስመለሰ መጣ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ትሕትና እንደገና ሆዱን ዳበሰችው። ይህን ጊዜ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ጓንቷን አወለቀች።

«እማማ የብርጓል፣ እጄ የሚያገኘው ጠጣር ነገር አለ። ሳላየው በግምት መርፌ መውጋት ከዚህ በኋላ ማሠቃየት ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ የማውቀው ልጅ አለ፤ አልትራሳውንድ ላይ ነው የሚሠራው። መሣሪያው የሰው ነው። ግን ልለምነው።»

የብርጓል «አልትራሳውንድ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ትሕትና እምቢ ልትል ነው ብላ ጠበቀች።

«መቼ እንሂድ?» አለች የብርጓል።

ልጁ ወልደ ሩፋኤል ይባላል። በስልክ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ «ውሻ አስገባህ ቢባል ጉድ ይፈላብኛል» አለ፤ ቀጥሎ ደግሞ «እሁድ ከሰዓት ዝግ ነን፣ በጓሮ በኩል አምጪው» አለ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ መንገድ ዳር ቆሙ። አውቶቡሱ ውሻ አልጭንም ብሎ አለፋቸው፤ ሚኒባሱም እንዲሁ። በመጨረሻ ጤፍ የጫነ አይሱዙ ቆመላቸው። ሾፌሩ «ሴቶቹ ጋቢና፣ ውሻው ከላይ» ቢል የብርጓል አልተስማማችም። ጆንያዎቹ ላይ ወጥታ ቱቦን እቅፏ ውስጥ አደረገችው። ትሕትናም ጥቂት ስታመነታ ቆይታ ጎማውን ረግጣ ተከትላት ወጣች። ንፋሱ ነጠላቸውን እየገፈፈ፣ አለበል ሃያ ሁለት ዓመት የደፈነውን መንገድ በጤፍ ጆንያ ላይ ሆነው ሄዱ።  አንድ ድልድይ ሲያልፉ የብርጓል «ይኼን ግንቡን እሱ ነው የለሰነው» አለች፤ ትሕትና ማን እንደሆነ አልጠየቀቻትም።

ወልደ ሩፋኤል ወለሉ ላይ ላስቲክ አነጠፈ። ትሕትና የቱቦን ሆድ በምላጭ ላጨችው። የብርጓል ጭንቅላቱን ይዛ ተንበረከከች፤ ዓይኗ ግን ከወልደ ሩፋኤል እጅ አይነቀልም። እሱ እንደ እንቁላል ነጭ ያለ ነገር ሆዱ ላይ አፈሰሰ፤ የሳሙና ቁራሽ የምታክል ነገር አነሳና በላዩ ላይ ያንሸራትት ጀመር። ማሽኑ ላይ ግራጫ ጥላ ተንቀሳቀሰ። ቱቦ ምንም አልተቃወመም።

«ቢላው መቼ ነው?» አለች የብርጓል።

«የምን ቢላ፣ እናቴ?»

«የምትከፍቱበት።»

«ኧረ ቢላ የለውም። ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው፤ አያምም። በውጭ ሆኖ ውስጡን ማየት ነው።»

 የብርጓል አንገቷን ደፋች፤ ሁለቱ እየተጠቋቆሙ ሲንሾካሾኩም ቀና አላለችም። ጨርሰው ሆዱን ሲጠርጉት ትሕትና አጠገቧ በርከክ አለች።

«ከጉበት ሥር ሐሞት የሚጠራቀምባት ከረጢት አለች። እሷ ውስጥ ዕጢ በቅሏል። ወደ ጉበቱም ገብቷል። በውሻ ላይ ይህ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ እኔ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቢጫ የሆነውም ቱቦው ስለተዘጋ ነው።»

«ቱቦ ምን ሆነ?» አለች የብርጓል ደንግጣ፣ ውሻውን እያየች።

«አይ፣ የሐሞቱ ቱቦ ማለቴ ነው፤ ሐሞቱ የሚወርድበት።»

የብርጓል ሳቅ አመለጣት። ያ ሳቅ መሐል መንገድ ላይ ተሰበረና ልቅሶ ሆነ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወለሉ ላይ አለቀሰች። ወልደ ሩፋኤል የሚያደርገው ጠፍቶት ውሃ ሊያመጣ ወጣ።

«ቀዶ ማውጣትስ?» አለች ሲበርድላት።

«ከከረጢቷ ሳይወጣ ብናገኘው ኖሮ ከረጢቷን ቆርጦ ማውጣት ይቻል ነበር። አሁን ጉበቱን ይዞታል። ብከፍተው ሥቃይ ነው የምጨምርለት።»

ጓሮው ደረጃ ላይ የሚመልሳቸውን መኪና ሲጠብቁ ነው የብርጓል የተናገረችው። የቱቦ ጭንቅላት ጭኗ ላይ ነው።

«ዶክተር፣ አለበል የፈራው ይኼን ነው። ይኼን አሥር ደቂቃ።»

ትሕትና ወደ እሷ ጠጋ አለች።

«ታናሽ ወንድም ነበረው። ሆዱን ብሎ፣ ዘግይተው ሆስፒታል ወሰዱት፤ ቀዶ ሕክምና ገብቶ በጋቢ ተጠቅልሎ ወጣ። አለበል ነው የተሸከመው። ጤና ጣቢያው ማርቆስ ሂዱ ሲለን ማታውን ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጎርፍ ውስጥ የገባ ሰው! ‹ቢላ ፊት አታቁሚኝ፣ የብርጓል፤ ሥሩን አምጪልኝ› አለኝ። ‹ፈራ ብለሽም ለማንም እንዳትነግሪ› ብሎ በኪዳነ ምሕረት አስማለኝ። እኔም ሥሩን አመጣሁለት። ሰው ገደለችው አለ። ይበል አልኩ፤ ፈሪ ነበር ከሚሉት እኔን ገዳይ ቢሉኝ ይሻላል ብዬ።» አፍንጫዋን ጠረገች። «ላንቺ የነገርኩሽ አገሩ አገርሽ ስላልሆነ ነው።»

«እማማ፣ መጥተው ቢታዩም ምናልባት ላይድኑ ይችሉ ነበር።»

«ምናልባት አልሽኝ? እኔ ሁለት ዓመት ከምናልባት ጋር ነው የምተኛው።»

ከዚያ በኋላ ቱቦ አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ጾሙ ገብቷል። የብርጓል እንቁላል ስትገዛ ያዩ ሴቶች «ለማን ነው?» ብለው ጠየቋት፤ «ለቱቦ» አለች፤ ተያዩ። እንቁላሉንም በሦስተኛው ቀን ተወው። ጣቷን ውሃ ነክራ ታስልሰው ነበር። አንድ ጧት ከበሩ እስከ አጥሩ መሄድ አቅቶት መሐል ላይ ሲወድቅ፣ ሄዳ ትሕትናን ጠራቻት።

«እስከ መጨረሻው ልጠብቀው ወይስ...?» አለቻት።

«ሥቃዩ ነው የሚረዝመው። ማደንዘዣ አብዝቼ ብሰጠው ይተኛል፤ በዚያው ያልፋል።»

«ኃጢአት አይሆንም?»

«እኔ እንጃ፣ እማማ። እኔ ኃጢአት የሚመስለኝ እንዲህ መተው ነው።»

 የብርጓል ፀሐይ ላይ ጋቢ አነጠፈች፤ የአለበልን ጋቢ። ተቀምጣ ጭንቅላቱን ታቀፈች። መርፌው ሲገባ ቱቦ አንዴ ቀና ብሎ አያት፤ ጅራቱ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ። ጆሮውን እያሸች «በል ሂድ፣ አባቴ፣ ሂድ» አለችው። ልትልክበት የፈለገችው መልእክት ነበር፤ ግን ውሻ ሲሞት የት እንደሚሄድ ቄስ ነግሯት አያውቅም። ተወችው። ቱቦ ትንፋሹ እየቀጠነ ሄዶ አለቀ።

ትሕትና የልብ ማዳመጫዋን ስታነሳ የብርጓል ክንዷን ያዘቻት።

«ክፈቺውና አሳዪኝ።»

«ይህን ማየት የለብዎትም።»

«አለበልን ከፍቶ ያየልኝ የለም። የዚህን እንኳ ልወቅ።»

ጓሮ ወሰዱት። ትሕትና ለላቦራቶሪ ናሙና መውሰድ ፈልጋ ስለነበር መሣሪያዋን ይዛለች። ሆዱን ከፍታ፣ ጉበቱን ገለጥ አድርጋ ከረጢቷን አወጣች። ለስላሳ አረንጓዴ ልትሆን የሚገባት ነገር ነጭና ጠጣር ሆናለች፤ ከድንች አታንስም። በሣህን ላይ አድርጋ ለሁለት ሰነጠቀቻት። ውስጧ በሥጋ ተሞልቶ ለሐሞት የቀረ ቦታ የለም።

የአጥሩ በር የተንኳኳው ያኔ ነው። አይናለም ናት። ወሬው ገበያ ላይ ደርሷታል። በሩን ገፋ አድርጋ ጓሮው ድረስ መጣች፤ ሁለት ዓመት ያልረገጠችውን ግቢ።

«እውነት ነው የሚሉት? ለውሻ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄድሽ?»

የብርጓል ተነሳች። «ሄጃለሁ፣ እታለም።»

«ለውሻ! ወንድሜ ጣር ይዞት ማርቆስ ራቀሽ። ለውሻ ግን ቀረበሽ!»

«እናቴ፣ ይስሙኝ» ብላ ትሕትና ከእነ ጓንቷ ቆመች። የብርጓል በዓይኗ ከለከለቻት። 

አይናለም ሣህኑን አየች። «ምንድን ነው እሱ?»

«የውሻው ሐሞት ነው» አለች ትሕትና። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም። ቢጫ ያደረገውም፣ የገደለውም ይህ ነው። ከማንም አልተጋባበትም፣ ከምንም መርዝ አልመጣም።»

አይናለም በርከክ አለች። ሣህኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። «አለበልስ? እሱንም እንዲህ ያለ ነው የገደለው?»

«ስለ እሳቸው አላውቅም። ያያቸው ሐኪም የለም።»

«ማን ከለከለው?»

 የብርጓል አፏን እንደገጠመች ወደ መሬት አየች። አይናለም ቀና ብላ ያን አፍ አየችው።

«እሱ ነው፣ አይደል?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። «አትንገሪኝ፤ ተይው። ከታናሻችን ቀብር ወዲህ የሆስፒታል አጥር ሲያይ እንኳ መንገድ የሚሻገር ልጅ ነበር። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት፣ እኔ አላውቀውም?»

የብርጓል የሰማችውን ማመን አቃታት። «ያውቁ ነበር? ሁለት ዓመት ሙሉ... እያወቁ?»

«ምን ላድርግ? ሁለት ወንድም ቀብሬ፣ ማንን ልጥላ? የሞተ አይጠላ። ያለሽው አንቺ ነበርሽ።»

የብርጓል ልትጮህ የፈለገች መሰለች። እጇ ተነሳ፤ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ አየር ላይ ቆየና ወረደ። አይናለም መሬት ተደግፋ ተነሳች፤ ቀሚሷን አራገፈች። ከቤቱ በር አጠገብ ስትደርስ ቆም ብላ ወደ ውስጥ፣ ወደ አለበል መደብ ተመለከተች። አልገባችም። በመጣችበት ሄደች።

ትሕትናና የብርጓል ከጓሮው ጌሾ ሥር ቆፈሩ። መሬቱ ደርቆ ስለነበር እየተቀባበሉ ነው የቆፈሩት። ቱቦን በጋቢው ጠቅልላ ስታስገባው ትሕትና «ጋቢውን እንኳ ቢያስቀሩት» አለች። የብርጓል አፈሩን መመለስ ጀመረች።

የላቦራቶሪው ወረቀት የመጣው የካቲት ላይ ነው። ትሕትና ይዛላት ሄዳ አነበበችላት፤ ከሐሞት ከረጢቷ ግድግዳ የተነሳ ካንሰር ይላል። የብርጓል አንድ ጊዜ አስደግማ አስነበበቻትና ጠየቀቻት።

«ከዚህ ወረቀት ላይ ስለ እሱ የሚታወቅ ነገር አለ?»

«የለም፣ እማማ። ይህ ስለ ቱቦ ብቻ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ አደረገች። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ተነስታ አይናለም ቤት ሄደች። አይናለም በሩን ከፍታ ስታያት አልተገረመችም፤ መቀመጫ ዱካ አቀረበችላት። ጎን ለጎን ተቀመጡ። የብርጓል ወረቀቱን አላወጣችውም። ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ውሃው መጥፋት አንዳንድ ነገር ተባባሉ። የአለበልን ስም ሁለቱም አላነሱም። አይናለም አንድ ጣሳ ውሃ ሰጠቻት፤ ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቷ ደረሰች። የአጥሩን በር ከፍታ ቆመች፤ ከውስጥ የሚሮጥ እግር የለም፣ የሚጮህም የለም።  ከዚያ ገባች፤ ዞራም በሩን ዘጋችው።